የኩላሊት ሕሙማንን በጊዜው ሪፈር ለማድረግ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ማንቂያ እንዴት ይዘጋጅ?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪም እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል። «ሆስፒታላችን ከወረቀት ካርድ ወደ ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ እየተሸጋገረ ነው። የኩላሊት ሕሙማን ዘግይተው ስለሚታወቁብን፣ የኩላሊትን ሥራ ለመገመት በደም ውስጥ የሚለካው ክሬአቲኒን ከ1.2 በላይ በወጣ ቁጥር “ለኩላሊት ስፔሻሊስት ሪፈር ይደረግ” የሚል ማንቂያ በሐኪሙ ስክሪን ላይ እንዲመጣ አስበናል። የአይቲ ባለሙያችን በአንድ ቀን ሠርቼ አስረክባለሁ ብሏል። መንገዱ ትክክል ነው?»

ምላሽ፦

ዶክተር፣ ለጥያቄዎ መነሻ የሆነውን ችግር፣ ሪፈር የሚደረጉ የኩላሊት ሕሙማንን የምቀበል ሐኪም እንደመሆኔ፣ እኔም በየጊዜው አየዋለሁ። በስኳር ወይም በደም ግፊት ክትትል ላይ ለዓመታት የቆየ ሰው አንድ ቀን ፊቱና እግሩ አብጦ፣ ምግብ አልበላ ብሎት፣ ትንፋሽ አጥሮት ይመጣል፤ በዚያን ሰዓት የሚቀረን አማራጭ አንገቱ ላይ ካቴተር (ቱቦ) አስገብቶ በድንገት የኩላሊት እጥበት መጀመር ይሆናል። ይኸው ሰው ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት ተለይቶ ቢሆን ኖሮ በመድኃኒት የኩላሊቱን ድካም ማዘግየት፣ ቤተሰቡን ማዘጋጀት፣ ካስፈለገም ፊስቱላውን፣ ማለትም ለእጥበት የሚያገለግለውን የክንድ ደም ሥር መገናኛ፣ አስቀድሞ ማሠራት ይቻል ነበር፤ ፊስቱላ ከተሠራ በኋላ ለእጥበት እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋልና። ስለዚህ የኤሌክትሮኒክ መዝገቡን ለዚህ ሥራ ለማዋል ማሰባችሁ ተገቢ ነው። በ1.2 ላይ የተመሠረተውንና በየሐኪሙ ስክሪን ላይ ብቅ የሚለውን ማንቂያ ግን ባትጀምሩት እመክራለሁ። ቁጥሩ ራሱ ያሳስታል፤ ከዚህም በላይ ማንቂያውን ተቀብሎ እርምጃ የሚወስደው ሰው ማን እንደሆነ ሳይወሰን የሚጮህ ማንቂያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማንም የማያነበው ጽሑፍ ይሆናል።

ከቁጥሩ ልጀምር። ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት ደም ሰጥተው የሁለቱም ክሬአቲኒን 1.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ እንበል። አንዱ የ25 ዓመት ወጣት፣ ሌላዋ የ62 ዓመት እናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣውና ዘርን ከስሌቱ ባስወጣው የሲኬዲ-ኢፒ ቀመር ብናሰላው የወጣቱ የኩላሊት የማጣራት አቅም፣ በተለምዶ ኢጂኤፍአር የምንለው፣ 78 ገደማ ሲሆን የእናታችን ግን 46 ገደማ ነው። የእናንተ ማንቂያ ለሁለቱም እኩል ይጮሃል። የእኚሁ እናት ክሬአቲኒን 1.1 ቢሆን ደግሞ ማንቂያው ጭራሹን ዝም ይላል፤ ኢጂኤፍአራቸው ግን 57 ገደማ ነው፤ የኩላሊት በሽታ ከሚጠረጠርበት ከ60 በታች ማለት ነው። ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ በመሆኑ ሴቶችን፣ አረጋውያንንና በበሽታ የከሱ ሰዎችን የሚያስመልጠው እንደዚህ ዓይነቱ ወጥ የሆነ ወሰን ነው።

ቀመሩም ቢሆን ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በማላዊ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የማጣራት አቅምን በቀጥታ በመለካት የተሠራ ጥናት በክሬአቲኒን ላይ የተመሠረቱ ቀመሮች የኩላሊትን አቅም ከእውነተኛው አብልጠው እንደሚያሳዩ፣ በዚህም የተነሳ በሽታው ከሚታሰበው በላይ ተስፋፍቶ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። እኛ ዘንድ የሚመጣ በሳንባ ነቀርሳ ወይም በምግብ እጥረት የከሳ ታካሚ 65 ቢወጣለት «ከ60 በላይ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። በሌላ በኩል በአሁኑ ጊዜ ለኤችአይቪ ሕክምና በብዛት የሚሰጠው ውህድ ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር፣ እንዲሁም በኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ያለው ትራይሜቶፕሪም ኩላሊቱን ሳይጎዱ ክሬአቲኒንን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ። በዚያው ውህድ ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር ግን ኩላሊትን በእርግጥ ሊጎዳ ስለሚችል ጉዳዩን ችላ ማለትም አይቻልም። ይህን ለይቶ የሚያየው ሐኪም እንጂ ማንቂያ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ስር የሰደደ የኩላሊት በሽታ የሚባለው ጉድለቱ ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ነው። አንድ ጊዜ የወጣ ከፍተኛ ክሬአቲኒን በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት፣ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ለቀናት የወሰደ፣ ወይም ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተወጋ ሰው ውጤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለስር ሰደድ በሽታ የሚወጣው ማንቂያ ቢያንስ በ90 ቀናት የተራራቁ ሁለት ውጤቶችን ማየት አለበት፤ አንድ ብቻ ካለ ደግሞ ማለት የሚገባው «ምርመራው ይደገም» እንጂ «ሪፈር ይደረግ» አይደለም። ክሬአቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከጨመረ ወይም በሰባት ቀን ውስጥ አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ ግን ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነውና ለዚህ በኋላ የምገልጸው የሳምንት ዝርዝርም ሆነ ብቅ ባይ ጽሑፍ አይጠበቅም። ፖታሲየም ከ6 በላይ ሲወጣም እንዲሁ ነው። እነዚህን የላብራቶሪው ባለሙያ ስልክ አንሥቶ ለሐኪሙ በቀጥታ ሊነግር ይገባል፤ ሁለቱን መንገዶች ከመጀመሪያው ለያዩዋቸው።

ሦስተኛው ሽንት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ኢጂኤፍአሩ 80 ሆኖ በሽንቱ ብዙ አልቡሚን (በደም ውስጥ ሊቀር የሚገባ ፕሮቲን) የሚያፈስ የስኳር ሕመምተኛ፣ ኢጂኤፍአራቸው 52 ሆኖ ሽንታቸው ንጹሕ ከሆነ የ75 ዓመት አዛውንት ይልቅ ለኩላሊት ድካም የተጋለጠ ነው። የአልቡሚንና የክሬአቲኒን ንጽጽር ምርመራ በየቦታው እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ሽንት ውስጥ በሚነከር ወረቀት የሚሠራው ተራው የዲፕስቲክ ምርመራ ግን አለ። ስለዚህ ማንቂያችሁ ከሚሠራቸው ጠቃሚ ሥራዎች አንዱ፣ በክትትል ላይ ሆኖ በአንድ ዓመት ውስጥ የሽንት ምርመራ ያልተደረገለትን የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ ስም ማውጣት ነው። ይህ ከሪፈራል ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽንቱ ሳይታይ ማን ሪፈር መደረግ እንዳለበት በትክክል ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ መረጃው ጥራት ልመለስ፤ በእኛ አገር እንዲህ ያሉ ሲስተሞች በአብዛኛው የሚወድቁት እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። የአይቲ ባለሙያችሁ ከሁሉ በፊት የዕድሜ መስኩን ይፈትሽ። ታካሚው የትውልድ ዘመኑን የሚናገረው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ሠራተኛ የነገሯትን ቁጥር እንዳለ ብታስገባና ሲስተሙ የሚያሰላው በፈረንጆች ቢሆን ሰውየው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቶ ይመዘገባል። በስሌቱ ላይ ስምንት ዓመት ኢጂኤፍአሩን በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው እናት 46 የነበረው ወደ 44 ይወርድና ከ45 በታች ወዳለው ደረጃ ይገባሉ ማለት ነው። የምርመራ ቀናትም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ውጤት በአንድ አቆጣጠር፣ ሌላው በሌላው ከገባ «90 ቀን» የሚለው መስፈርት ትርጉም ያጣል።

ቀጥሎ የስም ጉዳይ አለ። አዳማ ላይ አንድ ሰው ስሙ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ ሌላ ጊዜ በቁቤ ይጻፍለታል፤ ወደ ሲስተሙ ሲገባ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ፊደሉ ይለያያል፤ ካርዱ ጠፍቶበት አዲስ ካርድ ያወጣም ብዙ ነው። ሁለቱ ክሬአቲኒኖች በሁለት የካርድ ቁጥር ሥር ከተቀመጡ ሲስተሙ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ስለሚያያቸው ማንቂያው ፈጽሞ አይወጣም። ስለዚህ ስልክ ቁጥርን፣ የእናት ስምን ወይም የፋይዳ ቁጥርን ለማመሳከሪያነት መጠቀምን አስቡበት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ከሲስተሙ ውጭ የሚቀረው ውጤት ነው። ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ሲያልቅ ወይም ማሽኑ ሲበላሽ ታካሚው ውጭ በግል ላብራቶሪ ያሠራና ወረቀቱን በእጁ ይዞ ይመጣል፤ ሐኪሙ አይቶ ይመልስለታል፤ ወረቀቱ ከታካሚው ጋር ቤቱ ይሄዳል። መብራት በጠፋበት ቀን የተሠራው ምርመራም በመዝገብ ደብተር ላይ ይቀራል። የውጭ ውጤትን ከነቀኑና ከነመለኪያው የሚያስገባ ሰው ካልተመደበ ማንቂያው የሚያየው ግማሹን ታካሚ ብቻ ነው። «ከነመለኪያው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንድ ላብራቶሪ በማይክሮሞል በሊትር ይጽፋል፤ 115 ማይክሮሞል ማለት 1.3 ሚሊግራም ነው፣ በ88.4 ይካፈላል። 115ን እንደ ሚሊግራም የሚቀበል ሲስተም አንድ ጤነኛ ሰው በስህተት ለእጥበት የደረሰ አድርጎ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ቢስተካከል ማንቂያው በራሱ ውጤት ያመጣል ወይ? በሌሎች አገሮች የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች የሚሰጡት መልስ የሚያስጠነቅቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስድስት ሆስፒታሎች፣ በ6,030 ታካሚዎች ላይ የተካሄደው ሙከራ የድንገተኛ ኩላሊት ጉዳት ማንቂያ በጥቅሉ ሕሙማንን እንዳልጠቀመ አሳይቷል፤ የማስተማሪያ ባልሆኑት ሆስፒታሎች ደግሞ ማንቂያ በወጣላቸው በኩል የሞት መጠኑ 15.6 በመቶ፣ ባልወጣላቸው በኩል 8.6 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ በትክክል አልተለየም፤ ቢሆንም ማንቂያ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም የሚለው አስተሳሰብ ልክ እንዳልሆነ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የታተመው ሌላ የአሜሪካ ሙከራ የኩላሊት በሽታን ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር የያዙ 11,182 ታካሚዎችን በ141 ክሊኒኮች አካትቶ፣ ከኤሌክትሮኒክ መዝገብ በሚወጣ ዝርዝርና ሐኪሞችን በሚያግዙ ባለሙያዎች ሞክሮ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሆስፒታል የተኙት 20.7 በመቶ ሆኑ፤ በተለመደው አሠራር ከቀጠሉት 21.1 በመቶ። ልዩነት የለም ማለት ነው።

በአንጻሩ በቦስተን 2,026 ታካሚዎች የተካተቱበትና በዚያው ዓመት የታተመው ሙከራ መጠነኛ ቢሆንም እውነተኛ ለውጥ አሳይቷል። የኩላሊት በሽታ ኖሮባቸው ደም ግፊታቸው ላልተስተካከለ ሰዎች የወጣው ማንቂያ የመድኃኒት ትዕዛዙን አዘጋጅቶ፣ ሐኪሙ ማጽደቅ ብቻ እንዲቀረው አድርጎ ያቀርብ ስለነበር የላይኛው ደም ግፊት በ14.6 ቀነሰ፤ በሌላው ወገን የቀነሰው በ11.7 ነበር። ከእነዚህ ሙከራዎች የምወስደው ነገር ማንቂያው የሚቀጥለውን ሥራ አቅልሎ ካልመጣ በሥራ በተወጠረ ሐኪም ላይ ተጨማሪ ሸክም ከመሆን አያልፍም የሚለውን ነው። በአንድ ጠዋት ብዙ ሰው የሚያይ የተመላላሽ ክፍል ሐኪም ብቅ ያለውን ጽሑፍ ሳያነብ ቢዘጋው የሚወቀስ አይመስለኝም።

ስለዚህ የምመክረው አሠራር ይህ ነው። ማንቂያውን ከሐኪሙ ስክሪን አንሡትና በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጣ የስም ዝርዝር አድርጉት። ዝርዝሩን የሚቀበለው አንድ የተወሰነ ሰው ይሁን፤ በእኔ እምነት ከስኳርና ደም ግፊት ክትትል ክሊኒክ አንዲት ልምድ ያላት ነርስና አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይበቃሉ። እሷ የተደጋገሙትን ስሞች ታጠራለች፣ ውጤት የጎደለባቸውን ደውላ ለቀጠሮ ትጠራለች፤ ሐኪሙ ደግሞ የቀሩትን በሦስት ይመድባል፦ እዚሁ የሚታከም፣ ምርመራው የሚደገም፣ ሪፈር የሚደረግ።

ሪፈር የሚደረገው ማን ነው ለሚለው፣ ኪዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት መመሪያ አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው መመሪያ ጥሩ መነሻ ይሆናችኋል። ኢጂኤፍአሩ ከ30 በታች የሆነ፣ የሽንት አልቡሚኑ በግራም ክሬአቲኒን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ የዘለቀ፣ ኢጂኤፍአሩ ከ20 በመቶ በላይ ወርዶ በዚያው የቀረ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም በሽንቱ የሚታይበት፣ አራት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደ ደም ግፊቱ ያልወረደ፣ ፖታሲየሙ አልስተካከል ያለ፣ በቤተሰብ የሚወረስ የኩላሊት በሽታ ያለበት፣ የኩላሊት ጠጠር የሚደጋገምበት ሰው ሪፈር ይደረጋል። የአልቡሚን ምርመራ ካላችሁ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በኢጂኤፍአርና በአልቡሚን የሚሰላውን የኩላሊት ድካም ስጋት ቀመር መጨመር ይቻላል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ያለው ስጋት ከ3 እስከ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ስፔሻሊስት ይየው ይላል መመሪያው።

ከዚህ ውጭ ያለው፣ ማለትም ኢጂኤፍአሩ ከ45 እስከ 59 ሆኖ የተረጋጋና ሽንቱ ንጹሕ የሆነው ወይም ጥቂት አልቡሚን ብቻ ያለበት ብዙኃኑ ሰው፣ እናንተው ዘንድ መታከም የሚችል ነው። ደም ግፊቱን ማውረድ፣ አልቡሚን ካለበት ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ወይም መሰሉን መጀመር፣ የሕመም ማስታገሻ መርፌና እንክብል ማስቆም፣ የመድኃኒት መጠን ማስተካከል የስፔሻሊስት ሥራ አይደለም። ኢናላፕሪል ሲጀመር ክሬአቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር መድኃኒቱ እንደማይቋረጥ፣ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ደግሞ ኢጂኤፍአር ከ30 በታች ሲሆን እንደሚቆም የሚያስታውስ ማስታወሻ ከሪፈራል ማንቂያው ይልቅ ለብዙ ሰው ሊጠቅም ይችላል። ከመተሐራ ወይም ከአርሲ ገጠር አስታማሚ አስከትሎ፣ የትራንስፖርትና የማደሪያ ገንዘብ ተበድሮ የመጣን ሰው «ያለብህ ነገር እዚያው ይታከማል» ብሎ መመለስ እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ ወረፋውን ያስረዘመበት በእርግጥ የታመመ ሰውም ከኋላው አለ። ማንቂያው በበዛ ቁጥር ይህ ይበዛል።

ሪፈራል ወረቀቱን በተመለከተ ከተቀባዩ ወገን ሆኜ አጥብቄ የምለምነው ነገር አለ። ወደ እኛ የሚመጣው ወረቀት በብዛት «የኩላሊት ሕመም፤ ለተሻለ ምርመራና ሕክምና» ብሎ ያበቃል። የቀድሞው ክሬአቲኒን ስንት እንደነበር፣ መቼ እንደተሠራ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ አይገልጽም፤ ስለዚህ ታካሚው የከፈለበትን ምርመራ ሁሉ እንደገና ይከፍላል። ወረቀቱን የሚያትመው ሲስተሙ ከሆነ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የተሠሩትን ክሬአቲኒኖች ከነቀናቸው፣ የሽንት ውጤቱን፣ የመጨረሻውን ደም ግፊት፣ የመድኃኒቶቹን ስም በራሱ ሞልቶ ሊያወጣ ይችላል። ሐኪሙ የሚጽፈው አንድ መስመር ብቻ ይሁን፦ ስፔሻሊስቱን የሚጠይቀው ጥያቄ። «ባለፈው ዓመት ከ58 ወደ 37 ወርዷል፤ ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ሦስት ፕላስ ነው፤ ስኳር የለበትም፤ ባዮፕሲ (የኩላሊት ናሙና ምርመራ) ያስፈልገው ይሆን?» የሚል አንድ መስመር ከአንድ ገጽ የተሻለ ይነግረኛል። ሪፈራልን የሚያስተባብረው ሊያዞን ኦፊሰርም ቀጠሮውን በስልክ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ታካሚው ይነሣ። መልሱ ወደ እናንተ ካልተመለሰ ደግሞ ያ ስም በዝርዝሩ ላይ «ያልተዘጋ» ሆኖ ይቆይ፤ ነርሷም ትደውል። ሪፈር ተብሎ ሳይሄድ የቀረው ሰው የሚገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ሥራ ከማስጀመራችሁ በፊት ማንቂያውን በድብቅ፣ ማለትም ለማንም ሳይታይ፣ ባለፉት ወራት መረጃ ላይ አስኪዱት። ስንት ስም ያወጣል? ከእነዚያ ውስጥ ካርዳቸው ሲታይ በእውነት ሪፈር የሚገባቸው ስንቶቹ ናቸው? ነርሷና ሐኪሙ በሳምንት ሊጨርሱት ከሚችሉት በላይ ከሆነ ወሰኑን አጥብቁት፤ ለምሳሌ መጀመሪያ ከ30 በታች የሆኑትን ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ። ዝርዝሩ የሕሙማን ስምና ምርመራ የያዘ በመሆኑ በቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ እየተነሣ አይላክ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ መድቦታል፤ ታካሚውም ገመናውን አደራ ያለው ለእናንተ ነው።

የአይቲ ባለሙያችሁ ያለው ጊዜ በእርግጥ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ያን ቀን ማንቂያ በመሥራት እንዳያጠፋው። ክሬአቲኒን በወጣ ቁጥር ከጎኑ ኢጂኤፍአሩና የቀድሞው ውጤት ከነቀኑ አብረው እንዲታዩ ያድርግ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ላብራቶሪዎች ኢጂኤፍአርን በራሳቸው እንዲያወጡ አድርጋለች፤ በካናዳዋ አልበርታም ይኸው አሠራር ሲጀመር ወደ ኩላሊት ሐኪም የሚሄዱ ሰዎች ቁጥር ጨምሯል፤ ጭማሪው ይበልጥ የታየው ኢጂኤፍአራቸው ከ30 በታች በሆነውና በሴቶች ላይ ነው። ይህን ያለ ምንም ጩኸት ዛሬ መጀመር ይቻላል፤ ሳምንታዊው ዝርዝር ነርሷ ስትመደብ ይቀጥላል።